«ለእሱ ተዪው» ይሉኛል፤ ብተወውስ እናቴን ማን ያነሳታል?

ጤና ይስጥልኝ፣ የዓምዱ አዘጋጅ።

የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። የ39 ዓመት ሴት ነኝ፣ የሁለት ልጆች እናት። ትንሽ የባልትና ሱቅ አለችኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅመማ ቅመም እሸጣለሁ። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ቤት የለም።

እናቴን ባለፈው የካቲት ስትሮክ መታት። ቀኝ ጎኗ አይታዘዝላትም። ንግግሯ ይጎተታል እንጂ ትናገራለች። ደም ግፊት እንዳለባት እናውቅ ነበር። «አሁን ደህና ነኝ» ብላ መድኃኒቱን አቁማ ነበር፤ እኔም አልተከታተልኳትም። ከዚያ ወዲህ ማጠቡ፣ ማጉረሱ፣ ማገላበጡ የእኔ ነው። ሌሊት ሁለት ሦስቴ እነሳለሁ። ሱቄን የምከፍተው ሲመቸኝ ብቻ ሆኗል።

ሃይማኖቴን እወዳለሁ። አጽዋማቱን ሁሉ እጾማለሁ፤ የነቢያት ጾምም ይኸው ሊገባ ነው። ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ የዕለቱን ዳዊት እደግማለሁ። አሁን አሁን ግን መጽሐፉን እንደያዝኩ እንቅልፍ ይጥለኛል። ስነቃ እግዚአብሔርን የናቅኩት ይመስለኛል። አፍራለሁ።

ለማንም ያልነገርኩት ነገርም አለ። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ልጆቼን ይዤ በእግሬ ስወጣ ለግሸን ማርያም ተስዬ ነበር። «ልጆቼን ካተረፍሽልኝ በባዶ እግሬ መጥቼ እሳለማለሁ» አልኩ። ልጆቼ ተረፉ። እኔ ግን ዛሬ ነገ ስል ዓመታት አለፉ። ዘንድሮ መስከረም 21 ሄድኩ፤ ግን በመኪና ነው። እናቴን ትቼ ለቀናት መጓዝ አልችልም። እዚያ ሆኜ ደግሞ ሌላ ስለት ተሳልኩ፤ እናቴ ከቆመችልኝ ጃንጥላ ላስገባ። እስካሁን አልቆመችም። የመጀመሪያውን ስለት ስላጎደልኩ የተቀጣሁ ይመስለኛል።

እህቴ አዲስ አበባ ናት። «ለጥቂት ወራት እኔ ጋ ትሁን» ትላለች። እምቢ አልኳት። ጎረቤታችን እትዬ ሙስሊም ናቸው፤ እኔን ከልጃቸው ለይተው አላሳደጉኝም። «ከሰዓት በኋላ እኔ ልቀመጥላት፣ አንቺ ሱቅሽን ክፈቺ» ይሉኛል። እሳቸውንም እምቢ ብያለሁ። ልጅ እያላት የእናቴን ገላ ሌላ ሰው ሲያጥብ ማየት አልችልም። ሰውስ ምን ይላል? እኔ ሰጪ እንጂ ተቀባይ ሆኜ አላውቅም። በ2013 ክረምት ከወልድያና ከቆቦ የተፈናቀሉት ወደ ደሴ ሲመጡ እንኳ አንድ ቤተሰብ እቤታችን አሳድረናል።

ወንድሜ ሳዑዲ ነው። ሲደውል «ጸልዪ፣ ለእግዚአብሔር ተዪው» ይለኛል። ስልኩን ስዘጋ እጄ ይንቀጠቀጣል። ይህን ቂም ይዤ አልቀርብም ብዬ ሥጋ ወደሙ ከተቀበልኩ ወራት አልፈዋል።

ሰው ሁሉ «ለእሱ ስጪው፣ ጸጋው ይበቃሻል» ይለኛል። እኔ እጄን ባነሳ እናቴን ማን ያነሳታል? መተው እንዴት ነው የሚተወው? አንዳንድ ማታ ስተኛ «ባልነቃ» ብዬ እመኛለሁ። ከዚያ ልጆቼን አስቤ እደነግጣለሁ። እባክዎ ይምከሩኝ።

የደከማት፣ ከደሴ

*

እህቴ፣

ከደብዳቤሽ መጨረሻ ልጀምር። «ባልነቃ» የሚለው ሐሳብ ምን ያህል ጊዜ ይመጣብሻል? መጥቶ ይሄዳል ወይስ ይቆያል? በራስሽ ላይ አንድ ነገር ለማድረግ አስበሽ ታውቂያለሽ? ልወቅስሽ ብዬ አይደለም የምጠይቅሽ። ይህ ሐሳብ እምነት በጎደለው ሰው ላይ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ለወራት እንቅልፍ ባጣና ብቻውን በተሸከመ ሰው ላይ ይመጣል። ለእኔ የጻፍሽውን ለባለቤትሽ ወይም ለእትዬ ዛሬውኑ በአፍሽ ንገሪያቸው። ሐሳቡ ከበረታብሽ ግን ነገን አትጠብቂ፤ ሰው ይዘሽ ሆስፒታል ሂጂ። ባይበረታም እናትሽን ለክትትል ስትወስጂ ለራስሽም ካርድ አውጪ። እንቅልፍ እንደሌለሽ፣ እንደዚህ ያለ ሐሳብ እንደሚመጣብሽ ሳትደብቂ ለሐኪሙ ንገሪው። ይህ እናትሽን ከማገላበጥ ያላነሰ ሥራ ነው።

ነቢዩ ኤልያስም ሞት ለምኗል። ታሪኩ በመጀመሪያ ነገሥት ምዕራፍ 19 ላይ ነው። በቀርሜሎስ ተራራ ያን ሁሉ ተአምር ካየ በኋላ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በረሃ ገባ። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» አለ። እግዚአብሔር ምን እንዳደረገለት አስተውለሽ ታውቂያለሽ? አልገሠጸውም። ጾም ጨምር፣ ጸሎት ጨምር አላለውም። መልአኩ ዳሰሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ እንደገና ቀስቅሶ አበላው፤ መንገዱ ሩቅ ነውና። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» ተብሎ የተጠየቀው ከበላና ከተኛ በኋላ፣ ኮሬብ ደርሶ ነው። ለዚያ ደካማ ነቢይ ጸጋው መጀመሪያ የመጣለት በእንጎቻና በውሃ፣ በእንቅልፍም ነው። አንቺስ መቼ ነው የመጨረሻ ጊዜ ሳትባንኚ ያደርሽው? ትኩስ ምግብ ተቀምጠሽ የበላሽውስ?

አሁን ወደ ስለቱ ልግባ፤ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

እናትሽን የመታቸው ስትሮክ ነው። ምክንያቱንም አንቺ ራስሽ ጽፈሽዋል። ደም ግፊት ነበረባቸው፣ መድኃኒቱን አቁመው ነበር። የደም ግፊት ክፋቱ ይሄ ነው። ሰውየው «ደህና ነኝ» እያለ ውስጥ ውስጡን የደም ሥሩን ይጎዳል። ሐኪሞች «ቢሻልሽም አታቁሚ» የሚሉት ለዚህ ነው። አንቺ በባዶ እግርሽ ግሸን ብትደርሺም ያ ያልተዋጠ ኪኒን አልተዋጠም ነበር። ይህን ስልሽ ደግሞ «እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልተከታተልኳትም» ብለሽ ሌላ ሸክም እንዳታነሺ። እናትሽ ራሳቸውን የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ደህና ነኝ ብለው ነው ያቆሙት። አንቺም ደህና መስለውሽ ነው። ዛሬ ግን መድኃኒታቸው በጾምም በጠበልም ምክንያት አንድ ቀን እንዳይቋረጥ። ጠበሉም ይጠጣ፣ ኪኒኑም ይዋጥ።

ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው «ኃጢአት የሠራ ማን ነው? እሱ ነው ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ጌታን ጠይቀውት ነበር። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ታገኚዋለሽ። እሱም አይደለም፣ ወላጆቹም አይደሉም ብሎ መለሰላቸው። አንቺ ሌሊት ሌሊት ራስሽን የምትጠይቂው ያንኑ ጥያቄ ነው። መልሱም ያው ነው።

ልጆቿን ለማትረፍ በየመንገዱ የተሳለች እናትን እግዚአብሔር ይቀጣታል ብዬ አላምንም። ያን ቀን የተሳልሽው ስለት የጭንቅ ጩኸት ነበር፤ እሱም ሰምቶሻል። ከዚያ በኋላ ግን ስለቱን የያዝሽው በሱቅሽ የዱቤ ደብተር በምትይዥው መንገድ ነው። ይህን ያህል ተቀበልኩ፣ ይህን ያህል አልከፈልኩም፣ ስለዚህ ከእናቴ ጤና ላይ ተቆረጠ። ባለሱቅ ስለሆንሽ ታውቂዋለሽ፤ ዱቤው የበዛበት ሰው በሱቁ በር ማለፍ ይተዋል። ባለሱቋ ምንም ሳትለው እሱ ራሱ አንገቱን ደፍቶ በሌላ ሰፈር ይዞራል። ከቁርባን የራቅሽው በቂሙ ምክንያት ብቻ ይመስልሻል? እኔ ዕዳ እንዳለበት ሰው ዞር ብለሽ እየሄድሽ ይመስለኛል። ተሳስቼ እንደሆነ አንቺ ትነግሪኛለሽ።

ግሸን የወጣሽው ወደ ግማደ መስቀሉ ነው። አምባው ራሱ የመስቀል ቅርጽ አለው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ ስለ መስቀሉ ምን እንደሚል ታስታውሻለሽ? የሚቃወመንን የዕዳ ጽሕፈት ደመሰሰው፣ በመስቀሉም ላይ ቸነከረው ይላል። አንቺ ያን መስቀል ልትሳለሚ ወጥተሽ አዲስ ዕዳ ጽፈሽ ወረድሽ። እህቴ፣ ይህን ስጽፍ አዝኜልሽ ነው። ያን ሁሉ ዳገት ወጥተሽ ቀልለሽ መመለስ ነበረብሽ።

ስለትሽን እርሺው አላልኩሽም። ቃል ቃል ነው፣ ቤተ ክርስቲያንም ታከብረዋለች። ይልቅ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። «በባዶ እግሬ ብዬ በመኪና ሄድኩ፣ አስታማሚ ነኝ፣ ምን ላድርግ?» በያቸው። እሳቸው የሚሉሽን አድርጊ። ከዚያ በኋላ ስለቱን ብቻሽን እየያዝሽ አትደሪ። የሁለተኛው ስለት ነገርም እንዲሁ ነው። እናትሽ ሳይቆሙ ቢቀሩ ጃንጥላሽ አንሶ አይደለም።

«መተው እንዴት ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ወንድምሽና ሌሎቹ ቃሉን ብለውት ይሄዳሉ፤ አጠገብሽ ቆይቶ እንዴት እንደሆነ ያሳየሽ ሰው ግን የለም። ስለዚህ ብትቆጪ አልፈርድብሽም።

ማርታን እናስታውስ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ ስትባክን እናገኛታለን። ጌታን «እኅቴ እንድሠራ ብቻዬን ስትተወኝ አይገድህምን?» ትለዋለች። ልብ በይ፤ ይህ የአንቺ ጸሎት ነው። ወንድምሽ ስልኩን ሲዘጋ በውስጥሽ የምትጮኺው ይሄንኑ ነው። ማርታ ይህን ጌታ ፊት ተናገረችው፣ እሱም አላባረራትም። ስሟን ሁለት ጊዜ ጠራት። የነገራት ስለ መጨነቋና ስለ መታወኳ ነው እንጂ «ምድጃውን አጥፊ» አላላትም። ከዚያ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ላይ ወንድሟ አልዓዛር ሞቶ፣ ጌታን ልትቀበል ከቤት የወጣችው እሷ ናት። «አንተ ክርስቶስ እንደሆንህ አምናለሁ» ብላ የመሰከረችውም እሷው ናት። ምዕራፍ 12 ላይ ደግሞ እራት ተሰናድቶ «ማርታም ታገለግል ነበር» ይላል።

ያቺው ማርታ፣ ያው ሥራ። እህቷ አሁንም ጌታ እግር ሥር ናት፤ ሽቶ እያፈሰሰች ነው። ማርታ ግን «አይገድህምን?» አላለችም። እንደሚገደው አውቃለች። ሥራዋን ሳታቆም የተወችው ነገር አለ። እኔ ያረፈችው እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንቺም እንድትተዪ የምጠይቅሽ እናትሽን አይደለም። እጅሽንም አታነሺም። እንድትተዪ የምጠይቅሽ «እኔ ከደከምኩ እግዚአብሔርም ይተዋታል» የሚለውን ነው። «ዛሬ ዳዊት ሳልጨርስ ስለተኛሁ ዛሬ ያነሰ ይወደኛል» የሚለውን ነው። እናትሽን ስታጥቢ፣ ስታጎርሺ፣ ቆመው እንዲሄዱ የማድረግ ኃላፊነት ግን የአንቺ አይደለም። ያ ድርሻ የእሱ ነው። ይቆማሉ ወይስ አይቆሙም? እኔም አንቺም አናውቅም። ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ «እኔ እንደምወድ ሳይሆን አንተ እንደምትወድ» ሲል መጀመሪያ «ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» ብሎ ለምኗል። ስለዚህ ለምኚ፤ እናቴ ትቁምልኝ በይ፣ አልቅሺም። ለምነሽ ስትጨርሺ ውጤቱን ለእሱ ሰጥተሽ ተኚ። ሲነጋ ጭንቀቱን መልሰሽ ታነሺዋለሽ። እንደገና ስጪው። ይህ አንዴ ተደርጎ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ ሰው በየጠዋቱ ነው የሚማረው።

ጸጋው ደግሞ እስካሁን ያልመጣ አይምሰልሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ በርሽ ላይ ቆሞ አየሁት። እትዬ «እኔ ልቀመጥላት» ብለዋል፤ አንቺ ግን መለስሻቸው።

ከማርታ ታሪክ ልክ በፊት፣ በዚያው በምዕራፍ 10 ላይ ያለው የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ነው። ወንበዴዎች የደበደቡትን ሰው ያነሳው የገዛ ወገኑ አልነበረም። ካህኑ አለፈ፣ ሌዋዊው አለፈ። ቁስሉን ያጠበው፣ በእንስሳው ጭኖ የወሰደው፣ ለእንግዶች ማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር የከፈለው ሳምራዊው ነው። ያ ቁስለኛ ምን አደረገ? ምንም። ታጠበ፣ ተጫነ፣ ዳነ። ሳምራዊውን እንድንመስል ሁልጊዜ እንሰበካለን። አንቺ ግን አሁን ያለሽበት ቦታ የቁስለኛው ነው።

«ሰጪ እንጂ ተቀባይ ሆኜ አላውቅም» ብለሻል። እውነት ነው? እኔም የወሎ ልጅ ነኝና ያን ዓመት አውቀዋለሁ። በ2013 ክረምት የወልድያና የቆቦ ሰው በየትምህርት ቤቱ ተጠልሎ ደሴ እንጀራና ብርድ ልብስ ስታቀርብ ነበር። ጥቅምት ላይ ራሷ ደሴ ልጆቿን አዝላ ወጣች። በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ሰጪው ተቀባይ ሆነ። አንቺ ልጆችሽን ይዘሽ በእግርሽ ስትወጪ መንገድ ላይ ውሃ የሰጠሽ ሰው የለም? ያሳደረሽ የለም? ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም ጠይቀሽ ነው የተቀበልሽው? እቤታችሁ ያሳደራችኋቸውን ሰዎችስ ንቀሻቸዋል? እንዳከበርሻቸው አልጠራጠርም። እትዬም አንቺን በዚያው ዓይን ነው የሚያዩሽ። በእሳቸው በኩል ደግሞ ይህ በጎ ሥራ ነው፤ እግዚአብሔርን ፈርተው የሚያደርጉት ነው። ስትከለክያቸው እሳቸውንም አንድ ነገር ትነፍጊያቸዋለሽ።

የሰው ወሬ እንደሆነ አይቀርም። ብቻሽን ብትሞቺበትም ያወራል። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል ቅሬ አለን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ግን ለምን እስኪሞት ይጠበቃል? ከቅሬሽ ሴቶች መካከል ሁለቱን የምታምኛቸውን በሳምንት አንዳንድ ቀን ብትጠይቂያቸው እምቢ የሚሉሽ አይመስለኝም። ሲታመሙ ያልጠየቅሻቸው ሴቶች የሉማ!

የገላው ነገር ግን ይገባኛል። እሱን አቅልዬ አላየውም። ማጠቡን ለራስሽ አስቀሪው፤ ማንም አይወስድብሽም። እትዬ ቢያጎርሱ፣ ቢያጫውቱ፣ በየሁለት ሰዓቱ ጎናቸውን ቢያዞሩላቸው ይበቃል። መዞሩ እንዳይዘነጋ ብቻ አደራ በያቸው፤ ቆዳ የሚቆስለው በአንድ ጎን ብዙ ሲተኛ ነው። ሆስፒታልም ስትሄጂ እንዴት እንደምታነሺያቸው እንዲያሳዩሽ፣ ለእጅና ለእግራቸው የሚሆን እንቅስቃሴ እንዲያስተምሩሽ ጠይቂ። ወገብሽ ከተጎዳ ሁላችሁም ተኛችሁ።

የእህትሽ ሐሳብ ላይ አልቸኩልም። አዲስ አበባ ቅርብ አይደለም፣ ለታማሚ መንገዱ ይከብዳል። መጀመሪያ ሐኪማቸው መጓዝ ይችላሉ ይላል? የማይችሉ ከሆነ ወይም አንቺ ካልፈለግሽ ለእህትሽ ሌላ አማራጭ አቅርቢላት። እሷ ፈቃድ ወስዳ ለሁለት ሳምንት ደሴ ትምጣ። እናቷም ናቸው። ምናልባት እሷም ማታ ማታ «እምቢ አለችኝ» እያለች ታለቅስ ይሆናል።

እና ደግሞ፣ እናትሽን ጠይቀሻቸዋል? በደብዳቤሽ ሁሉም ሰው ይናገራል። እህትሽ፣ ወንድምሽ፣ እትዬ፣ ጎረቤት። የእናትሽ ድምፅ ብቻ የለም። ንግግራቸው ይጎተታል እንጂ እንደሚናገሩ ጽፈሻል። ልጃቸው እንዲህ ስትደክም እያዩ ምን ይሰማቸዋል? ከእትዬ ጋር ቡና እየጠጡ መዋል ይፈልጉ ይሆን? እህትሽ ጋ መሄድስ? ቀስ ብለሽ ጠይቂያቸው፣ እስኪጨርሱም ጠብቂያቸው። መልሳቸው ካሰብሽው የተለየ ሊሆን ይችላል።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ ይቅር በይው ብዬ አላጣድፍሽም። ቁጣሽ ምክንያት አለው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የምትፈልጊውን በግልጽ ነግረሽው ታውቂያለሽ? ወይስ ሲደውል «ደህና ነን» ትይዋለሽ? ብዙዎቻችን እንደዚያ ነው የምናደርገው። በስደት ያለ ሰው ደግሞ ማድረግ የማይችለውን ሲያስብ «ጸልዪ» ከማለት ሌላ ቃል ያጣል። በሚቀጥለው ሲደውል እንዲህ በይው፦ «ጸሎቱን አብረን እናድርግ። እኔ ግን ብቻዬን አልቻልኩም። ለአስታማሚ የሚከፈል ገንዘብ ያስፈልገኛል፤ በየወሩ ስንት መላክ ትችላለህ?» ምን እንደሚመልስ አላውቅም። ቢያንስ ያልተናገርሽው ነገር በውስጥሽ አይቀመጥም።

ቂም ይዤ አልቀርብም ማለትሽ ለቅዱስ ቁርባን ካለሽ ፍርሃት የመጣ ነው፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ቂሙን ብቻሽን አጥርተሽ፣ ንጹሕ ሆነሽ፣ ከዚያ ልትመለሺ ከሆነ ያሰብሽው መቼ ይደርሳል? ካህናቱም ምእመናኑም በአንድነት ቆመው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» የሚሉበት፣ 41 ጊዜ «ኪርያላይሶን» የሚባልበት ቤት ነው ያለን። ማረኝ ለማለት መጀመሪያ መጽዳት አያስፈልግም። ቂሙን እንዳለ ይዘሽ ወደ ንስሐ አባትሽ ሂጂ። «ወንድሜን ጠልቼዋለሁ፣ መጥላቴንም ጠልቼዋለሁ» በያቸው። መቼ እንደምትቀበዪ እሳቸው ይነግሩሻል።

እግረ መንገድሽን ስለ ጾሙም ጠይቂያቸው። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ሌሊት ሦስቴ እየተነሳሽ፣ ሰው እያነሳሽ፣ እስከ 9 ሰዓት ሳትቀምሺ መዋል ለአንቺ ዘንድሮ ይሆናል? በራስሽ አትወስኚ፤ እሳቸው ያለሽበትን ሁኔታ ሰምተው የሚሉሽን ተቀበዪ። ቀለል አድርጊው ካሉሽ ደግሞ በጓሮ በር መልሰሽ አታክብጂው።

የማታው ዳዊትም እንዲሁ። ቀኑን ሙሉ አስታምመሽ መጽሐፍ እንደያዝሽ እንቅልፍ ቢጥልሽ ንቀሽው አይደለም። ያው ዳዊት መዝሙር 126 ላይ እግዚአብሔር ቤትን ካልሠራ ሠሪዎች በከንቱ ይደክማሉ ይላል፤ በማለዳ መነሣትና እስከ ማታ መልፋት ብቻውን እንደማይበቃ፣ እንቅልፍንም ለወዳጆቹ የሚሰጥ እሱ እንደሆነ ይነግረናል። እስኪቀልልሽ ድረስ አባታችን ሆይን ጸልየሽ ተኚ። «ፈቃድህ ይሁን» የሚለው ጋ ስትደርሺ ትንሽ ቆም በይ፣ የእናትሽን ስም ጥሪ፣ ቀጥዪ። ቀን ደግሞ ስታጥቢያቸው በልብሽ «ጌታ ሆይ ማረን» ማለት ትችያለሽ። ያኔ ጸሎቱ ከሥራሽ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ የሚያሳፍርሽም ነገር አይኖርም።

ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት አድርጊ አልልሽም፤ ደግሞ ሌላ የሥራ ዝርዝር ሆኖብሽ እንዳይቀር። ሐሳቡን ለባለቤትሽ ወይም ለእትዬ መንገር ዛሬ ይሁን፤ እሱ ብቻ አይደር። ከዚያ እትዬን «የፊታችን ሐሙስ ከሰዓት ይምጡልኝ» በያቸው። በዚያ ከሰዓት በኋላ ሱቁን አትክፈቺው። ተኚ። ንስሐ አባትሽ ጋ በሚመችሽ ሰንበት ትሄጃለሽ፤ ለእህትሽና ለወንድምሽ የሚደወለው ደግሞ ትንሽ እንቅልፍ ካገኘሽ በኋላ ቢሆን ቃሉም ይለዝባል።

አብሽሪ። እናትሽ ምን ብለው እንደመለሱልሽ ጻፊልኝ፤ የአዲስ አበባውን ጉዳይ ያኔ በደንብ እንነጋገርበታለን።